በሁለት ጎን የተሣለው በሬ

የመጀመሪያው በሬዬ ይስቅ ነበር። የሣልኩት ጂንካ ውስጥ፣ ከብት በሚግጥበት የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ዳር፣ አንድ ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ባለቤቱ “ደንበኛ የሚጋብዝ ፊት ይኑረው” ስላለኝ ሁለት ረድፍ ነጭ ጥርስ አወጣሁለት፣ አንድ ዓይኑንም አስጠቀስኩት። አጠገቡ ቢላዋ ነበር። በሬው ቢላዋውን እያየ ይስቃል። በዚያን ጊዜ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ሠዓሊ አለ የሚል ሰው ቢመጣ እጣላው ነበር፤ ማንም ስላልመጣ ግን ሳልጣላ ኖርኩ።

መተዳደሪያዬ የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነበር። ፀጉር ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ጎማ ጥገና፣ “እዚህ መሽናት ክልክል ነው”። የቱርሚ ሆቴሎች ደግሞ እንግዳ ስለሚበዛባቸው አውሬ ያዙኛል። ጎሹን ከመማሪያ መጽሐፍ፣ አንበሳውን ከእናቴ ብርድ ልብስ ላይ ቀዳሁ። ብርድ ልብሱ ላይ ያለው አንበሳ ተኝቶ ስለነበር የእኔ አንበሶች ሁሉ ይተኛሉ። አንድ ሆቴለኛ የቆመ አንበሳ ሲያዘኝ “በዚህ ሙቀት አንበሳ አይቆምም” ብዬ አሳመንኩት።

አባቴ ይህን ሁሉ ሥራ ብሎ አይጠራውም። ከጎጃም የመጣ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ገበያው መሀል ሱቅ አለው፤ ልጁ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ጉልበቱ እየከዳው መጥቶ መሰላል ላይ ወጥቶ ጣቃ ማውረድ ሲያቅተው፣ ምሳ በቀረበ ቁጥር የምሰማው ያንኑ አንድ ነገር ሆነ። “ቀለም መለቅለቁን ትተህ ሱቅህን ተረከብ” ይለኛል። ሱቅህን ነው የሚለው። እኔ ጨርቅ ስይዝ እጄ ያልበኛል፤ ለክቶ መቅደድ ያስጨንቀኛል፤ እዚያ ባንኮኒ ጀርባ መቀመጥ በቁሜ መቀበር መስሎ ነበር የሚታየኝ። ይህን አፍ አውጥቼ አልነገርኩትም። አብልቶ ያሳደገኝ ያ ባንኮኒ ነው።

እናቴ አሪ ናት። ረቡዕና ዓርብ ከአባቴ ጋር እጾማለሁ፣ እሑድ ከእናቴ ጋር እዘምራለሁ፣ የሁለቱም ዘመዶች በየበኩላቸው ይታዘቡኛል። ለአባቴ አገር ሰዎች “የአሪዋ ልጅ” ነኝ፣ ለእናቴ ወገኖች “የነጋዴው ልጅ” ነኝ። “የእኔ” መባል ያምረኝ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን እኔም አላውቀውም።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን፣ አንድ ጎልማሳ የሐመር ሰው መጥቶ ሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ቦርኮቶው ላይ ተቀመጠ። ቦርኮቶ ሐመሮች ከእጃቸው የማትለይ ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ናት፤ ጋደም ሲሉ ትራስ ትሆናለች። ሰውዬው ግድግዳውን ያያል፣ እኔ ማስታወቂያ ከምጽፍባት ክፍሌ በር ላይ ሰውዬውን አያለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያይ ልቤ አበጠ። ሥዕሌን ያን ያህል ያየ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ምስጋናዬን ልቀበል ሄድኩ።

“ይሄ በሬ የማን ነው?” አለኝ።

“የማንም አይደለም። ዝም ብሎ በሬ ነው።”

“የማንም ያልሆነ በሬ የለም።” ትንሽ አሰበና “ለምን ይስቃል?” አለ።

“ደንበኛ እንዲጠራ።”

“በሬ ላይኛው ድዱ ፊት ለፊት ጥርስ የለውም። አንተ በሬ አይተህ ታውቃለህ?”

ሜዳው ላይ ያን ሰዓት ሃያ የሚሆን ከብት ይግጣል። ተናድጄ ሄድኩና አንዱን ለማዳ በሬ አፉን ከፍቼ አየሁ። ልክ ነበር። ከብት መሀል አድጌ፣ ሥጋውን በልቼ፣ በሬ ሥዬ ዋጋ ተቀብዬበት፣ አንድም ቀን አላየሁም ማለት ነው። ስመለስ ሰውዬው ሊሄድ ተነስቷል። “የእኔን በሬ ና ሣል” አለኝ። “አርጅቷል። ሳይሞት ሣለው።”

ሐመር ውስጥ አንድ ወንድ ከከብቶቹ አንዱን መርጦ ቀንዱን ከጥጃነቱ ጀምሮ ቅርጽ ያስይዘዋል፣ ያሞካሸዋል፣ ይዘፍንለታል። የእኛ ሰውዬ እንዲያውም ለሚስቱ የማይነግራትን ሁሉ ለበሬው ይዘፍንለት እንደነበር በኋላ ሚስቱ ራሷ አጫውታኛለች።

አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ሚኒባስ ላይ ጭኜ ዲመካ ወረድኩ፣ ከዚያ ተሸክሜው መንደሩ ገባሁ። በሬው በእርግጥ የሚዘፈንለት ነበር። ቡናማ ሆኖ፣ ግራ ትከሻው ላይ አንድ ሰፊ ነጭ፣ አንዱ ቀንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ የዞረ። ሁለት ቀን ሙሉ ሣልኩት። አፉን ዘጋሁት። ስጨርስ መንደሩ ተሰበሰበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔም ኮራሁ። ባለቤቱ ግን ፊት ለፊት ብዙም አልቆመም። ዞረና ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ሄደ። እዚያ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

“ግማሹን በልተኸዋል” አለኝ።

“እንዴት?”

“በቀኝ በኩል ሦስት ነጭ አለው። የታለ? በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው የእኔ መሆኑን በምን ያውቃል?”

ሥዕል ማለት እንዲህ ነው፣ ሰው የሚያየው ባንድ በኩል ብቻ ነው ብዬ አስረዳሁት። “ሰነፍ ሰው ነው ባንድ በኩል የሚያይ” አለ። “ይዙር።”

እልህ ያዘኝ። እዚያው ኮምፔንሳቶውን ገልብጬ የቀኝ ጎኑን ሣልኩበት፤ ሦስቱንም ነጭ አስገባሁ። ባለቤቱ ዞረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ፣ ከዚያ በጣቱ ጠርዙን አሳየኝ። በችኮላ የሁለተኛውን ጎን ጭንቅላት የመጀመሪያው ጭራ ያለበት ጫፍ ላይ አድርጌዋለሁ። በዚህ በኩል የሚሄደው በሬ በዚያ በኩል ይመጣል። “ይሄ አንድ በሬ አይደለም” አለ፣ “ባንድ ቆዳ የተጣሉ ሁለት በሬዎች ናቸው።” መንደሩ ሳቀብኝ። አንድ አዛውንት ሳቁ አላስቆም ብሏቸው እንጨት ተደገፉ። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሠራውን ነገር አስብ ጀመር።

ኮምፔንሳቶው ለበግ ቤት በር ሆነ። እኔ አንድ ሾፌር ለምኜ ያገኘሁትን ያረጀ የጭነት መኪና ሸራ በሁለት እንጨት መሀል ወጥሬ እንደገና ጀመርኩ። ቀለም ሳወጣ ባለቤቱ የጣሳውን ቡኒ አየና “ይሄ የቢሮ ወንበር ነው” አለ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮ በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሚስቱና ሴቶች ልጆቹ ከየወንዙ ዳር አፈር አመጡልኝ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ እንደ ጉበት የጠቆረ። ለነጩ አመድ፣ ለጥቁሩ ከሰል፣ ለማጣበቂያው የግራር ሙጫ። ባንዱ ጎን አንድ ብሩሽ ባሳረፍኩ ቁጥር ዞሬ ከሌላው ጎን ትክክሉን እለካለሁ። ቀንዱ በዚህ ከወጣ በዚያም እዚያው ላይ መውጣት አለበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዞርኩ። ራሴን እስኪያዞረኝ ዞርኩ።

ሲያልቅ በሬው ራሱ እንዲያየው ተጠራ። መጣ፣ አሸተተ፣ ከዚያ ምላሱን አውጥቶ ትከሻው ላይ ያለውን ነጭ ላሰው። አመዱ ጨው ጨው ብሎት ይሆናል። ገና ያልደረቀው ቀለም እስከ አንገቱ ተዘረጋ። ጮኼ ብሩሽ ሳነሳ ባለቤቱ ክንዴን ያዘኝ። “እሱ ያረመውን አንተ አትነካም” አለ። በሁለት ዛፍ መሀል ሰቀለው፤ እየዞረ አየው። ልሄድ ስነሳ አንድ ቅል ማር አሸከመኝ።

በዓመቱ ጂንካ ውስጥ ትልቅ የባህል ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል ተባለ። አባቴ ሰማ። ምሳችንን በልተን እጃችንን ታጥበን “እንግዲህ ስማኝ” አለኝ። “እስካሁን ታገሥኩህ። መጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ። ሥራ ከሆነ ሥራ ነው እላለሁ። ካልሆነ ሰኞ ጠዋት ሱቅ ትገባለህ።” እሺ አልኩ። እምቢ የምልበት አፍም አልነበረኝም፤ ሠላሳን አልፌ ነበር፣ ምሳዬን የምበላው ደግሞ እሱ ቤት።

የሸራውን በሬ ልዋስ ዲመካ ሄድኩ። ባለቤቱ “ብቻውን አይሄድም” ብሎ አብሮ መጣ። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ሸራውን ላጥፈው ስል ጮኸብኝ። “ወገቡ ይሰበራል!” ስለዚህ እንደ ምንጣፍ ጠቅልለነው ከኋላ ወንበር እስከ ሾፌሩ ጆሮ ድረስ ተጋደመ። አሥራ ምናምን ሰው እስከ ጂንካ በሬ ታቅፎ ሄደ። ረዳቱ “ይሄ ሰው ነው ዕቃ?” ብሎ ቢጠይቅ ባለቤቱ “በሬ ነው” አለው፤ ረዳቱም ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።

ምዝገባው ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ትሁት፣ ግን ከፎርሙ የማይወጣ ወጣት ነበር።

“አቅራቢ ብሔረሰብ?”

“ሠዓሊው እኔ ነኝ።”

“እሱ ይገባኛል ወንድሜ። ፎርማቱ ላይ ግን የሠዓሊ ቦታ የለም።”

“በእናቴ አሪ ነኝ።”

የአሪን ዳስ የሚያስተባብሩት እናት ተጠሩ። ሸራውን አይተው ጉንጬን ሳሙኝ። “ጎሽ የእኔ ልጅ! ቆንጆ ነው። እኛ ግን ያቀረብነው ማር፣ እንሰትና ሸክላ ነው። ይሄ የሐመር በሬ እኛ ዳስ ምን ይሠራል?” ወደ ሐመር ዳስ ሄድን። እዚያ ያለው አስተባባሪ በሬውን በጣም ወደደው፤ ወደ እኔ ዞሮ ግን “ይሄ ሰውዬ ሐመር ነው?” አለ። የበሬው ባለቤት “ሐመርስ በሬው ነው” ብሎ መለሰለት። ይህም ፎርሙ ላይ አልገባም። በአባቴስ ብል ነጋዴዎቹ ዳስ የላቸውም፤ የያዙት የሻይ ድንኳኑን ነው።

ባለሙያው ላቡን ጠረገና አዳራሹ ጥግ፣ “ልዩ ልዩ” የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ወሰደን። እዚያ አንድ የድሮ የጽሕፈት መኪናና እሳት ማጥፊያ ነበሩ። ሸራውን በአራት ሚስማር ግድግዳው ላይ መታው። “ሌላም ጎን አለው” አልኩት። “ግድግዳው አንድ ጎን ነው ያለው ወንድሜ። መሀል ገመድ ማሰር ደግሞ አይፈቀድም፣ እንግዶች ያልፉበታል።” ከዚያ የበሬውን ትከሻ አየና “እዚህ ጋ ተበላሽቷል” አለ።

“በሬው ነው የላሰው።”

“ሪፖርት ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?”

መጮህ ነበረብኝ፤ እኔ ግን የሸራውን ጥግ ማቃናት ያዝኩ። ሰኞ ሱቅ እንደምገባ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የበሬው ባለቤት ግን ቦርኮቶውን አስቀምጦ ጀርባውን ለሸራው ሰጥቶ ተቀመጠ። “ግማሽ በሬ አላይም” አለ፤ እስከ ምሳ ድረስም አልዞረም። ሰው እየመጣ ያልፋል። አንዲት እናት ቆም ብለው ብዙ ካዩ በኋላ እሳት ማጥፊያው የየትኛው ብሔረሰብ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ መጣ። የክት ኮቱን ለብሷል፣ ከዘራውን ይዟል። ሦስት እርምጃ ርቆ ቆመ።

“ይሄ ነው?”

“አዎ ጋሼ።”

“ደህና በሬ ነው” አለ። ድምፁን አውቀዋለሁ። የማይገዛውን ጨርቅ ላመጣ ሻጭ “ደህና ነው” የሚልበት ድምፅ ነው። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

አባቴ አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጧል። ጨርቅ አጠገቡ ካለ እጁ ዝም አይልም። ሊሄድ ዞር ካለ በኋላ ተመልሶ የሸራውን ጠርዝ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዘ፣ አሸት አሸት አደረገ፣ ከዚያ ጀርባውን ሊያይ ገለጠው። አንዱ ሚስማር ወለቀ። አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየ። ቆየ። ፊቱን ሲያወጣ ሌላውን ጎን እንደገና አየ፣ ተመልሶ ወደ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ሚስማር ወለቀ። ባለሙያው እየሮጠ መጣ።

“ምን እያደረጉ ነው አባቴ?”

“ዝም በል ልጄ፣ ጨርቅ እያየሁ ነው።” ሦስተኛው ሚስማር። “ማነው ይሄን ወደ ግድግዳ ያዞረው? እንዲህ ያለ ነገር ወደ ግድግዳ ይዞራል? ጣቃ ስትሸጥ ጀርባውን ትደብቃለህ? ሌባ ነው የሚደብቅ!”

የሐመሩ ሰውዬ ይህን ሰምቶ ከቦርኮቶው ተነሳ። አባቴን ከላይ እስከ ታች አየው። “አንተ ሽማግሌ” አለ፣ “በዚያ ያዝ።”

አባቴን “አንተ” ብሎ የጠራ ሰው እኔ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ እንኳ “አንቱ” ነው የምትለው። ጂንካ ውስጥ ማንም ቢደፍር ከዘራው ይነሳ ነበር። ያን ቀን ግን ከዘራውን ለእኔ ሰጠኝና ጫፉን ያዘ። አዳራሹ መሀል ሄደው ሸራውን በሁለት በኩል ወጥረው ቆሙ።

“ከፍ አድርግ፣ እግሩ መሬት ነካ” አለ አባቴ።

“እኔ ከፍ አድርጌያለሁ፤ ያጠርከው አንተ ነህ።”

“አትሳበው! ሸራ ስንት ዓመት የማውቅ መሰለህ? ይለጠጣል።”

“በሬ አይለጠጥም።”

ሰው ጠብ መስሎት ተሰበሰበ። ከዚያ አንዱ ዞረ፣ ሌላው ተከተለ። የግራውን ነጭ አይተው የቀኙን ሊቆጥሩ ይሄዳሉ፤ ቀንዱ በሁለቱም በኩል እዚያው መውጣቱን በጣታቸው ይለካሉ። ከሐመር ዳስ መጡ፣ ከአሪ ዳስ መጡ፣ ከሻይ ድንኳኑም ብርጭቆ እንደያዙ መጡ። የሐመሩ ሰውዬ እጁን ሳይለቅ ቀስ ብሎ ይዘፍን ጀመር። አባቴ ዘፈኑ አልገባውም፤ ግን ጠርዙን ይበልጥ ጠበቅ አደረገ። ባለሙያው ፎርሙን ይዞ መጣና “እንግዲህ ማን ብዬ ልጻፈው?” አለ። አባቴ ወደ እኔ በአገጩ አመለከተ። “የእሱ ሥራ ነው ብለህ ጻፍ።” ቦታ የለውም ሲለው “ህዳጉ ላይ ጻፍ” አለው፤ ጻፈ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ የአባቴ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጉልበቱም ሲብረከረክ ይታየኛል። ጠጋ አልኩት።

“ጋሼ፣ ያምጡት እኔ ልያዝ።”

አልሰጠኝም። ዓይኑን ከሸራው ላይ ሳያነሳ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ “ሱቁን አከራየዋለሁ” አለ።

ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅኩት ጊዜ ያ ነበር። ደስታ ግን አልመጣም። ከጎጃም በእግሩ መጥቶ ያቀናው፣ እኔን ያስተማረበት፣ እናቴን ያገባበት ሱቅ ነው፤ ያንን እንዲህ ቆሞ፣ ሰው መሀል፣ ሸራ ተሸክሞ ተወልኝ። አያከራዩት ልለው አሰብኩ፤ ሰኞ ሱቅ እገባለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ።

“ጋሼ…”

“ዞር በል” አለኝ። “ከለልከው። ሰው እያየ ነው።”